ጫጉላ በደሴት፤ የካሪቢያንን ማረፊያ ለሚመርጡ ሙሽሮችና ለወላጆቻቸው

በአባቶቻችን ዘመን ጫጉላ ማለት ለሙሽሮች ተለይቶ የተሠራ ዳስ ወይም የተለቀቀ ጎጆ ነበረ። ሙሽራውና ሙሽራዪቱ ከሰው ዐይን ጥቂት ተከልለው፥ ሚዜዎች ከአጠገባቸው ሳይርቁ፥ እናቶች ምግቡንና መጠጡን እያቀረቡላቸው፥ ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚላመዱበት ስፍራ ነበረና ከቤተ ሰብ ደጅ ብዙ አይርቅም ነበር። ዛሬ ግን ልጆቻችን በዋሽንግተንና በቶሮንቶ፥ በለንደንና በአዲስ አበባም ጭምር ስለ ሠርጋቸው ሲመካከሩ፥ ጫጉላው ወላጆች ስማቸውን በካርታ ላይ ፈልገው ከሚያገኟቸው የካሪቢያን ደሴቶች በአንዱ እንዲሆን የሚመኙ አሉ። አንዳንዶቹም ከዚህ አልፈው ሠርጉ ራሱ በዚያው በባሕሩ ዳር፥ በአሸዋው ላይ እንዲፈጸም ይሻሉ።

ምኞቱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። አዲስ ሚስት ያገባ ሰው ለአንድ ዓመት ከዘመቻ ነጻ ሆኖ በቤቱ እንዲቀመጥ በኦሪት ዘዳግም የታዘዘው፥ አዲስ ጎጆ የዕረፍት ጊዜ እንደሚያስፈልገው ለማስረዳት ነው። ችግሩ ደሴቱን በሥዕል ብቻ መምረጡ ላይ ነው። በሥዕሉ ላይ ሰማያዊ ባሕር፥ ነጭ አሸዋና አንድ ዘንባባ ይታያሉ፤ ዝናቡና ዐውሎ ነፋሱ፥ የአገሩ ሕግ፥ የጾሙ ቀን፥ እንዲሁም በጉልበት ሕመም ምክንያት ወደ አይሮፕላን ለመውጣት የማይችሉት አያት ግን አይታዩም። ስለዚህ ውድ አንባቢያን፥ በሥዕሉ ላይ ስለማይታየው ነገር ጥቂት እንነጋገር።

የካሪቢያን ደሴቶች ከኩባ ጀምሮ እንደ ቀስት ጎብጠው እስከ ደቡብ አሜሪካ ደጃፍ ድረስ የተዘረጉ ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ አንድ አገር ቢመስሉም አንድ አገር አይደሉም። ጃማይካ፥ ባርባዶስና ሴንት ሉሺያ ነጻ መንግሥታት ናቸው፤ ማርቲኒክና ጓዴሉፕ የፈረንሣይ ግዛቶች ናቸው፤ አሩባ በኔዘርላንድ መንግሥት ሥር ራሷን የምታስተዳድር ናት። ቋንቋውም፥ ገንዘቡም፥ የመግቢያ ፈቃዱም እንዲሁ ይለያያል። ለምሳሌ ማርቲኒክ የፈረንሣይ ምድር ብትሆንም የአውሮፓው የሸንገን ቪዛ ብቻውን ወደ እርስዋ አያስገባም። በውጭ አገር ካሉት ወገኖቻችን መካከል ደግሞ ከሙሽሮቹ አንዱ የአሜሪካ፥ ሌላው የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ የሆኑ ሙሽሮች አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባቸው፥ ሁለቱም በየፓስፖርታቸው ለመግባት፥ ደግሞም ወደሚኖሩበት አገር ለመመለስ ይችሉ እንደ ሆነ ነው። ሙሽራዪቱ ገብታ ሙሽራው ከደጅ የሚቀርበት ደሴት ምንም ቢያምር ጫጉላ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። በደሴቱ ላይ የሚፈለገው ሠርግ ነው ወይስ ከሠርግ በኋላ ያለው ዕረፍት? ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የአገሩን ሕግ በተመለከተ፥ በአንዳንዱ ደሴት ጋብቻ እጅግ ቀላል ነው። በጃማይካ እንግዶች ፈቃዱን አስቀድመው ከጠየቁና ወረቀታቸው የተሟላ ከሆነ፥ አገሩ ከገቡ ከ24 ሰዓት በኋላ ለመጋባት ይችላሉ። በፈረንሣይ ደሴቶች ግን ከተጋቢዎቹ አንዱ ቢያንስ አንድ ወር ያህል በስፍራው ሊኖር ያስፈልጋልና፥ ለአንድ ሳምንት የሚመጣ እንግዳ በዚያ በሕግ ተጋብቶ ለመመለስ አይችልም። ሆኖም ቀላልም ይሁን ከባድ፥ በአሸዋ ላይ የሚፈጸመው በመንግሥት ሹም ፊት የሚደረግ ውል ነው። ለኦርቶዶክሳዊ ቤተ ሰብ ጋብቻ ማለት ጸሎተ ተክሊሉ፥ ቅዳሴው፥ ሙሽሮቹም በአንድነት የሚቀበሉት ቅዱስ ቁርባን ነው፤ ይህም የሚፈጸመው በቤተ ክርስቲያን፥ በመንበሩ ፊት ነው እንጂ በባሕር ዳር በተተከለ የአበባ ቅስት ሥር አይደለም። ስለዚህ በደሴት ላይ በሹም ፊት የሚጋቡ ልጆች፥ ያ ቀን ለሕጉ እንደ ሆነና ምሥጢሩ ገና እንደሚቀራቸው አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ከዚህም ሌላ የሚቀሩትን ሰዎች ማሰብ ያሻል። ሠርግ በእኛ ዘንድ የሁለት ሰዎች ብቻ አይደለም፤ ሁለት ቤተ ዘመድ የሚተዋወቅበት፥ ሽማግሌዎች የሚመርቁበት ቀን ነው። ሠርጉ ወደ ደሴት በተወሰደ ጊዜ የሚመጣው ገንዘብና ቪዛ ያለው፥ ጤናውም የተሟላለት ብቻ ነው። ቪዛ የተከለከለው አጎት፥ ከሥራው ፈቃድ ያላገኘው ወንድም፥ ልጁን በክንዷ ያሳደገች የአያት እኅት ግን ምርቃታቸውን በስልክ ይልካሉ። ሠርጉን በሕዝብና በመሠዊያ አጠገብ አድርጎ፥ ከመልሱና ከቅልቅሉ በኋላ ደሴቱን ለሁለቱ ብቻ ማስቀረት ግን ማንንም አይጎዳም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ወጪው ይቀንሳል፤ የአርባ እንግዳ መሳፈሪያ ቀርቶ የሁለት ሰው ይሆናልና።

ይህን ስንል በካሪቢያን ምድር የእኛ ቤተ ክርስቲያን የለችም ማለታችን አይደለም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ከትሪኒዳድ ወደ ጃማይካ በደረሱ ጊዜ፥ ሊቀበላቸው የወጣው ሕዝብ የአይሮፕላን ማረፊያውን እስከ ማጥለቅለቅ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1970 እ.ኤ.አ. በጃማይካ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመች፤ ለዚህም አገልግሎት የተላኩት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፥ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት፥ ብዙ የደሴቱን ልጆች አጥምቀዋል። ዝነኛው ዘፋኝ ቦብ ማርሌይ በ1980 እ.ኤ.አ. ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ የተጠመቀው በእኛ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሥርዓተ ቀብሩም ግንቦት 13 ቀን 1973 ዓ.ም. በኪንግስተን በዚሁ ሥርዓት ተፈጽሟል። በትሪኒዳድም እንዲሁ የቤተ ክርስቲያናችን ምእመናን አሉ። እንግዲህ በጃማይካ ጫጉላቸውን የሚያሳልፉ ሙሽሮች ሰንበትን ያለ ቅዳሴ ለማሳለፍ የግድ አይሆንባቸውም። ነገር ግን ታላላቆቹ የባሕር ዳር ሆቴሎች የሚገኙት በሰሜንና በምዕራብ፥ በሞንቴጎ ቤይና በኔግሪል ሲሆን፥ ኪንግስተን በደቡብ ምሥራቅ ስለ ሆነ ጉዞው ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቅዳሴ ለማስቀደስ የሚሻ ሙሽራ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች በኪንግስተን ለማደር ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

ከቦታው ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜው ነው። በዚህ ነገር የእኛ የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠርና የካሪቢያን የአየር ጠባይ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይስማማሉ። በደሴቶቹ ደረቁና ጥሩው ወራት ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ያለው ነው። የዚህ ወራት መጀመሪያ ጾመ ነቢያት ከመሆኑም በላይ፥ ምዕራባውያን ገናቸውንና አዲስ ዓመታቸውን የሚያከብሩበት ስለ ሆነ የሆቴሉ ዋጋ ከሁሉ ይበልጥ ይወደዳል። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ድረስ ያለው የታወቀው የሠርግ ወራታችን ግን ሰማዩ የጠራበት፥ የበዓሉም ግርግር ያለፈበት ነው። ዋጋው ገና ርካሽ ባይሆንም ለሚከፍሉት የሚገባውን ያገኙበታል።

ሁለተኛው ጊዜ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ያለው ነው። ምዕራባውያን ከፋሲካቸው ዕረፍት ሲመለሱ ሆቴሎቹ ዋጋቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዝናቡም ገና አልበረታም። በተጨማሪም እስከ በዓለ ጰራቅሊጦስ ድረስ ባሉት ኀምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾሙ፥ ሙሽሮች በባዕድ ማዕድ ላይ ቅቤውንና ሥጋውን እየጠየቁ አይጨነቁም። ለምሳሌ በ2019 ዓ.ም. ጾመ ነነዌ የካቲት 15፥ ትንሣኤ ሚያዝያ 24፥ ጰራቅሊጦስ ደግሞ ሰኔ 13 ቀን ይውላሉ። በዚያ ዓመት የሚያገቡ ሰዎች በጥርና በየካቲት መጀመሪያ፥ ወይም በግንቦት ወር ያለውን ጊዜ ቢይዙ ለነፍሳቸውም ለኪሳቸውም ይስማማል።

የማይመረጠው ጊዜ የዐውሎ ነፋስ ወራት ነው። ይህ ወራት ከግንቦት 24 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር ጽዮን፥ ማለት ኅዳር 21 ቀን ድረስ ይቆጠራል፤ የሚበረታው ግን ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው። በመስከረም 2017 እ.ኤ.አ. ኢርማ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ባርቡዳን አፍርሶ የደሴቲቱ ነዋሪ ሁሉ ወደ አንቲጓ እንዲሸሽ አደረገ፤ በዚያው ወር ማሪያ የተባለው ዶሚኒካን መታ። በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ፥ ወራቱ ገና ሳይበረታ፥ ቤሪል የግሬናዳን ታናሽ ደሴት ካሪያኩን አወደመ። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሜሊሳ በምዕራብ ጃማይካ በኩል ገብቶ ብዙ ሕይወትና ንብረት አጠፋ። ስለዚህ ወደ ጃማይካ ምዕራብ የሚሄድ ሰው የመረጠው ሆቴል ጥገናው ተፈጽሞ ሙሉ በሙሉ ሥራ መጀመሩን ጠይቆ ይወቅ። በዐውሎው ወራት ለመሄድ የተገደዱ ሙሽሮች ግን ወደ ደቡብ፥ ወደ አሩባና ወደ ኩራሳው ቢያዘነብሉ ይሻላል፤ እነዚህ ደሴቶች ዐውሎው ከሚያዘወትረው መንገድ ወደ ደቡብ ያሉ ናቸውና።

እንግዲህ ከደሴቶቹ ጥቂቶቹን በየጠባያቸው እንመልከት።

ጃማይካ ከእነዚህ ሁሉ ሰፊዋና ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ቅርብ የምትመስለው ናት። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሰንደቅ ዓላማችን በየሱቁና በየግድግዳው ላይ ይታያል፤ ከኢትዮጵያ መጣሁ የሚል ሰው ብዙ ጥያቄና ብዙ አክብሮት ይገጥመዋል። ለጾመኛም ምቹ ናት፤ ራስታፈሪያውያን አይታል የሚሉት ምግባቸው ሥጋና ወተት የሌለበት ነው፤ ካላሉ የሚባለው ቅጠልም ጎመናችንን ያስታውሳል። ብሉ ማውንቴን የተባለው ተራራዋ 2,256 ሜትር ከፍታ አለው፤ በዚያ የሚበቅለው ቡና በዓለም እጅግ ከሚወደዱት አንዱ ነው። ቡና ወደዚህች ደሴት የገባው በ1728 እ.ኤ.አ. ነበር። ከእኛ ጫካ የወጣው ዘር ከብዙ ጉዞ በኋላ በዚያ ተራራ ላይ ሲያብብ ማየት ለሙሽሮች አንድ የማይረሳ ቀን ይሆናል።

ሴንት ሉሺያ ባሕርን ብቻ ሳይሆን ተራራን ለሚወዱ ናት። ፒቶን የሚባሉት ሁለት ሾጣጣ ተራሮችዋ ከባሕሩ ጠርዝ ቀጥ ብለው ይነሣሉ፤ ትልቁ ከ770 ሜትር በላይ ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዚያው አጠገብ ፍል ውኃና የዲን ጭስ ያለበት ምድር ይገኛል። ነገር ግን ከውጭ የሚመጡት ታላላቅ አይሮፕላኖች የሚያርፉት በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ ሲሆን፥ ብዙዎቹ ሆቴሎች በሰሜን ናቸው። መንገዱም ጠመዝማዛ ስለ ሆነ መኪና የሚያጥወለውለው ሰው በደቡብ በኩል ባለው ሆቴል ቢያርፍ ይመረጣል።

ባርባዶስ ሜዳማና ታናሽ ናት፤ ስፋትዋ 431 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ የጣና ሐይቅ ብዙ እጥፍ ይበልጣታል። ታናሽ ትሁን እንጂ ሁለት ባሕር አላት ቢባል ስሕተት አይሆንም። በምዕራብ ያለው ውኃ እንደ ሐይቅ የረጋ ነው፤ በምሥራቅ፥ ባዝሺባ በተባለው ስፍራ፥ የአትላንቲክ ማዕበል ከድንጋይ ጋር እየተጋጨ ያስተጋባልና ለዐይን እንጂ ለዋና አይሆንም። በደጋ ያደገ፥ ዋና ያልተማረ ሰው ይህን ልዩነት ሳያውቅ ክፍል ሊከራይ አይገባውም። ይህ ለብዙዎቹ ደሴቶች ይሠራል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳርጋሶ የሚባለው የባሕር አረም በብዛት እየመጣ፥ ይልቁንም በምሥራቅ ዳርቻዎች ላይ እየተከመረ ሲበሰብስ ይሸታል። ስለዚህ የደሴቱን ስም ብቻ ሳይሆን ሆቴሉ በየትኛው ወገን እንዳለ ጠይቁ።

አሩባ ደግሞ ከቬኔዙዌላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ደረቅ ምድር ናት። ቁልቋል የበዛባት፥ ዝናብ የሚያንሳት፥ ነፋስዋ የማያርፍ ስለ ሆነች ዛፎችዋ ወደ አንድ ወገን ጎብጠው አድገዋል። ለምለም ተራራ የሚሻ ሰው በእርስዋ ይከፋዋል፤ ዝናብ ዕረፍቱን እንዳያበላሽበት የሚፈራ ግን ይደሰትባታል። ዶሚኒካ የዚህ ተቃራኒ ናት፤ ነጭ አሸዋ እምብዛም የሌላት፥ በጫካ፥ በፏፏቴና በፍል ውኃ የተሞላች ስለ ሆነች ለእግረኞችና ጸጥታን ለሚወዱ ትስማማለች።

ስለ ሆቴሉ ዐይነት ደግሞ ጥቂት እንበል። በካሪቢያን ክፍሉ፥ ምግቡ፥ መጠጡና ጨዋታው ሁሉ በአንድ ዋጋ የሚከፈልበት ሆቴል በጣም ተስፋፍቷል፤ በዚህ ሥራ የታወቀው ሳንዳልስ በ1981 እ.ኤ.አ. በሞንቴጎ ቤይ የተጀመረው ለባልና ሚስት ብቻ ተብሎ ነበር። ይህ አከፋፈል ወጪውን አስቀድሞ ለማወቅ ይረዳል። ነገር ግን ከዋጋው ከፊሉ ያለ ልክ ለሚቀርበው መጠጥ የሚከፈል በመሆኑ፥ መጠጥ የማይወዱና በቀን ሁለት ጊዜ የሚበሉ ሙሽሮች ያልተጠቀሙበትን ይከፍላሉ። ለእነዚህ ቁርስ ብቻ የሚያቀርብ ታናሽ ማረፊያ ይበቃል፤ ከአገሩ ሰው ጋር በገበያና በምግብ ቤት ለመገናኘትም ምክንያት ይሆናቸዋል። የጾም ምግብ ሲጠይቁም ጾም ነን ማለት ብቻ አይረዳም፤ ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ብሎ በዝርዝር መናገር ነው።

የአገሩን ሰው ማሰብም ከእንግድነት ወግ ነው። በባርባዶስ የባሕሩ ዳርቻ ሁሉ የሕዝብ ነው፤ በጃማይካ ግን ሕጉ እንዲህ ስላልሆነ፥ ብዙ ዳርቻ በሆቴሎች አጥር ተከልሎ የአገሩ ልጅ የማይገባበት ሆኗል። ለሠርግ የሚከራዩት አንዳንድ ያማሩ የድንጋይ ቤቶችም በስኳር እርሻ ዘመን የባሪያ አሳዳሪዎች መኖሪያ ነበሩ። በእንግሊዝ ደሴቶች ባርነት ፈጽሞ የቀረው በ1838 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያ ሕዝብ ልጆች ኢትዮጵያን የነጻነት ምልክት አድርገው ሲመለከቷት ኖረዋል። ኢትዮጵያዊ ሙሽራ የሠርጉን ሥዕል በዚያ ደረጃ ላይ ቆሞ ከመነሣቱ በፊት ቤቱ የማን እንደ ነበረ ቢጠይቅ፥ ያከበሩትን ሰዎች ያከብራል።

በመጨረሻም ምርጫው የሁለቱ ይሁን። ከሁለቱ አንዱ ባሕር ይወድ ይሆናል፤ ሌላው ውኃ ይፈራ ይሆናል። አንዱ ገንዘብ ለማውጣት ይቸኩል ይሆናል፤ ሌላው ስለ ቤት ኪራይ ያስብ ይሆናል። ይህን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፥ የጾሙን ቀን መቁጠሪያ፥ ካርታውንና ያላቸውን ገንዘብ ፊት ለፊት አስቀምጠው ቢነጋገሩ፥ ከደሴቱ በፊት እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ። በዚያ ንግግር መካከል ሩቁን ትተን ቅርቡን፥ ሁለት ሳምንቱን ትተን አምስቱን ቀን እንውሰድ ቢሉ ምንም አልጎደለባቸውም። ወላጆችም ልጆቻቸው ወደ ሩቅ ደሴት ሲሄዱ ከመቆጣት ይልቅ፥ ለየትኛው ወር እንዳሰቡና ተክሊሉ መቼ እንደሚሆን ቢጠይቁ፥ ምክራቸው በደስታ ይሰማል። አባቶቻችን ጫጉላውን ከደጃቸው ያላራቁት ልጆቹ ምርቃት ሳይርቃቸው እንዲላመዱ ነበር፤ ተመርቀው የሄዱ ሙሽሮችም በደሴቱ ላይ ይህንኑ ጫጉላ ያገኛሉ።